ከአሥር አንዷ ለባሕር

ዌስተርሂም፣ ሰሜን ሆላንድ
ጃንዋሪ 10 ቀን 1999

ለውድ እህቴ ለያንዴ ንዶንግ፣ ንጋዲር ደሴት፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላም በአንቺ፣ በባልሽና በታንኳሽ ላይ ይሁን። እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም። በስድስት ዓመት ውስጥ ብርዱ እኔን ለመደኝ እንጂ እኔ አልለመድኩትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሥጋው የሚበላ የባሕር ዛጎል በምንለይበት ፋብሪካ ዊበ የሚባል አለቃ አለኝ፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የባሕር መከላከያው ግንብ ላይ ቆሞ ወፍ ይቆጥራል። ብቻውንም አይደለም፤ አስተማሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ አብረውት ይቆማሉ። ማንም አይከፍላቸውም። ለሥጋው ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። ነገሩ ሲገርመኝ አንድ ቀን ሄጄ አብሬያቸው ቆምኩ። ዊበ፣ “እነዚህ ባለ ረጅም ምንቃሮች በሜይ ነው የሚበዙት፤ የሚመጡት ካንተ አገር ነው” አለኝና ካርታ ዘረጋ። ጣቱ ያረፈው እናንተ ዛጎል የምትለቅሙበት ደለል ላይ ነው።

የአሸዋ ኩባንያው ሰዎች ደለሉን በችካል ምልክት እንዳደረጉበት ጽፈሽልኝ ስለነበር ያንንም ነገርኩት። እርሱ እንደሚለው፣ በአገራችን ወፎች የሚጠበቁበት ፓርክ ወሰን እናንተ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆመው፤ በአንድ ቀን ሃያ ሺህ የውሃ ወፍ በደለላችሁ ላይ እንደሚያርፍ በቆጠራ ከተረጋገጠ ግን የፓርኩ ኮሚቴ ወሰኑን ሊያሰፋው ይችላል። ያን ጊዜ ማንም አይቆፍረውም። ኮሚቴው በጁን ይሰበሰባል፤ ወፎቹ ደግሞ በኤፕሪል መጨረሻ ይነሳሉ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ባሕሩ በጣም በሚሞላባቸው ቀናት የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ። ሴቶቹን ትጠይቂልኛለሽ?

ልጆችሽ ስንት ደረሱ? የእኔ ሦስቱም ደህና ናቸው።

የእናትሽ ወንድም ልጅ በመሆኔ በቀልድ ደንባችን ጌታሽ የሆንኩት፣
ዲዬጋን ሳር

*

ንጋዲር
ፌብሩዋሪ 2

ለጌታዬ ለዲዬጋን፤

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ እጅህንም ያርዝመው፣ እስካሁን አጭር ነውና። ሎሌህ ያንዴ እጅ ትነሳለች፤ በስድስት ዓመት አንድ ኪሎ ስኳር ያልላከ ጌታ ቢሆንም ጌታ ጌታ ነው።

“ሦስቱም” ብለህ የጻፍካትን ቃል በቀለም ደፍኛታለሁ። ልጅ በቁጥር ይጻፋል እንዴ? ብርዱ ይህንንም ወሰደብህ? የኔዎቹን ከጠየቅህ ላቲር ጀልባ ላይ ነው፣ ሞሳን አግብታለች፣ ሌሎቹም አሉ።

ሴቶቹን ሰበሰብኩ። መጀመሪያ ተሳቀ። “ወፍ ቆጥሬ ምን ላድርገው? ድስቴ ውስጥ አይገባ!” አለች አንዷ። ሌላዋ፣ “ዲዬጋን ከነጮች ጋር ውሎ ለየለት፤ ሚስቱ ታውቃለች?” አለች። ችካሎቹን ሳነሳ ግን ሳቁ ቆመ። ያ ደለል ከሄደ የምንሄድበት የለንም፤ ለቅመን የምናደርቀውም፣ ልጅ የምናስተምርበትም እሱ ነው።

ከዚያ የአባቴ እህት አክስት ኚላን ተናገረች። ታውቃታለህ፣ ቶሎ አትናገርም። “ሰባ ዓመት ሙሉ ሲሄዱና ሲመጡ አየኋቸው። የት እንደሚሄዱ የነገረኝ የለም። የሚያውቅ ሰው ካለ እቆጥርለታለሁ፤ በምላሹ እሱ ይንገረኝ” አለች። እሷ ገባሁ ካለች ማን ይቀራል? አሥራ ሁለት ሆነን ቆጣሪ ሆነናል። እኛን መቁጠሬ አይደለም፤ አንተ የምትልከውን እርሳስ መቁጠሬ ነው።

ሩቅ የሚያሳይ መነፅር ላክ። ደግሞ ንገረኝ፦ አንዱ ሲያርፍ አንዱ ሲነሳ እንዴት ነው የሚቆጠረው? በመንገድስ የት ነው የሚያድሩት?

ሎሌህ ያንዴ

*

ዌስተርሂም
ፌብሩዋሪ 20

ለእህቴ ለያንዴ፤

ሰላምታዬ ከአክስት ኚላን ይጀምርና ወደ ሁላችሁም ይዳረስ። ሁለት መነፅርና አንድ እሽግ እርሳስ ወደ አገር የሚመለሰው የፋሊያ መንደር ሰው ያመጣልሻል። ስኳሩንም ጨምሬበታለሁ፤ አሁን አፍሽ ይረፍ።

አቆጣጠሩ ይህ ነው። ባሕሩ ሞልቶ ወፎቹ የአሸዋው ጉብታ ላይ ሲታጨቁ ጠብቁ። መጀመሪያ አንድ በአንድ እስከ መቶ ቁጠሩ፤ መቶ ወፍ የሚይዘውን ቦታ ዓይናችሁ ይወቀው። ከዚያ በመንጋው ላይ ያንን እያነሳችሁ አስቀምጡ፣ ልክ ጨርቅ በክንድ እንደሚለካ። ጉብታውን ተከፋፈሉት፤ ሁለት ሰው አንድ ወፍ እንዳይቆጥር።

ለአክስት ኚላን ደግሞ ብድሯን ልክፈል። የት ያድራሉ ላልሽው፣ አያድሩም። ባለ ረጅም ምንቃሩ ከእናንተ ተነስቶ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ እዚህ ይደርሳል። ከመነሳቱ በፊት እስኪጠግብ ይበላና፣ ስብ ካጠራቀመ በኋላ ጨጓራው ራሱ ይሟሽሻል፤ በመንገድ ስለማያስፈልገው። እኔ አላመንኩም ነበር። ዊበ መጽሐፍ አሳየኝ። እዚህ አንድ ወር አርፎ ወደ ሰሜን በረዶ አገር ሄዶ ጫጩት ይፈለፍላል።

ዲዬጋን

*

ንጋዲር
ማርች 19

ለጌታዬ፤

የአላህ ጥበቃ አይለይህ። ሆዱን አጥፎ መንገድ የሚሄደውን ወፍ ለሴቶቹ ባነበብኩላቸው ጊዜ፣ “ዲዬጋን ሲሄድ ምነው እንደሱ ባደረገ፤ ለስንቁ ስንት ዓሣ አለቀ!” አሉ። አክስት ኚላን ግን አልሳቀችም። ደብዳቤውን ሦስቴ አስነበበችኝ። ከዚያ ወዲህ ወፎቹን የምታይበት ዓይን ሌላ ነው። “እኚህ ሰውዬ ገና አልጠገቡም፤ ይህችኛዋ ግን ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች” ትላለች፤ እውነቷንም ነው፣ አንዳንዶቹ ከመወፈራቸው የተነሳ ስንጠጋቸው መሮጥ አቅቷቸዋል።

ከትናንት በስቲያ ቆጠርን። መነፅሩን እኛ ስንሻማበት እሷ በባዶ ዓይኗ ከሁላችን ትበልጣለች። ስንቆጥር ለየመቶው አንድ ዛጎል ወደ ቅል እንጥላለን። በመጨረሻ ሁሉም ዛጎሉን ለአክስት ኚላን ያስረክባል፤ ጠቅላላውን የምትናገረው እሷ ናት። አሥራ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ሆነ።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ሁሉም ለምንድነው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ የሚያዞሩት? እኛ አንዷ፣ “ላባዋ እንዳይበላሽ ነው” አለች፤ ሌላዋ፣ “መንገዱን እያሸተቱ ነው” አለች። ተከራክረን ምሳችን አረረ።

ሎሌህ

*

ንጋዲር
ኤፕሪል 2

ለወንድሜ ለዲዬጋን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሁለተኛው ቆጠራ አሥራ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ። የኩባንያው ሰዎች በጀልባ መጥተው ችካሉን አድሰው ሄዱ። ሥራ በዝቶብኛል።

ያንዴ

*

ዌስተርሂም
ኤፕሪል 11

ለእህቴ ለያንዴ፤

ሰላምና ጤና ለአንቺ ይሁን። ፊታቸውን ወደ ነፋስ የሚያዞሩት ላባቸው እንዳይገለበጥ ነው፤ የመጀመሪያዋ ረታለች።

አሁን ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ከሦስት ዓመት በፊት በእናንተ ላይ በአውሮፕላን ያለፉ ሰዎች ከሃያ ሁለት ሺህ በላይ ገምተው ነበር። ግምት ለኮሚቴው አይበቃም፤ ቢሆንም ዊበ የእናንተ ቁጥር ሁለቴም ዝቅ ማለቱ ገርሞታል። “ወይ ወፎቹ ቀንሰዋል፣ ወይ ጉብታው ላይ የማይታይ ጥግ አለ” ይላል። ጥግ አለ እንዴ?

ደግሞ ያለፈው ደብዳቤሽ ሳትሰድቢኝ የጻፍሽው የመጀመሪያው ነው። ጌታዬ እንኳ አላልሽኝም። የደበቅሽኝ ነገር ካለ ንገሪኝ። ሃያ ሺህ ካልሞላ ደለሉ መሄዱ ነው፤ የቀረንም አንድ ቆጠራ ብቻ ነው።

ዲዬጋን

*

ንጋዲር
ኤፕሪል 18

ለወንድሜ፣ ለጌታዬም፤

አላህ ልብህን ያስፋው፤ ይህን ደብዳቤ ስታነብ ያስፈልግሃል። ይህንን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆድ ግን አልፈጀውም።

የማይታይ ጥግ የለም። አክስት ኚላን ዛጎሉን ስትደምር አሥር በደረሰች ቁጥር አንዷን ወደ ባሕር ትመልሳለች። “ይህቺ የአላህ ናት፤ አትቆጠርም” ትላለች በለሆሳስ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እኔስ ልጆቼን መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ? ትክክል መስሎ ነው የታየኝ። ሁለተኛው ቆጠራ ለጥቂት ሲጎድል ግን እንቅልፍ አጣሁ። ደብዳቤህ ሲመጣ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

“አክስቴ፣ የምትመልሺያቸው ዛጎሎች ደለሉን ሊያሳጡን ነው” አልኳት።

“እኔ ደለሉን አልሸጥኩም” አለችኝ።

“አልሸጥሽም። ግን እነዚያ ሰዎች የሚሰሙት ቁጥር ብቻ ነው።”

“እኔም አንድ ጊዜ ቁጥር የሚሰማ ሰው መጥቶብኝ ነበር” አለችና ነገረችኝ። የማውቀው ታሪክ ነው፤ ከእሷ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። በፈረንሳዮቹ አገዛዝ ጊዜ ለግብር ሰው የሚቆጥር ጸሐፊ ደሴታችን መጣ። ወጣት ነበረች፤ ባሏ ባሕር ላይ ነበር። “ልጆችሽ ስንት ናቸው?” ሲላት፣ አፏ ቀደማትና “አራት” አለችው። ጻፈ። ዝናቡ ሳያባራ ኩፍኝ ገብቶ ሁለት ቀሩ። “ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃ እንኳ ስሰጠው አመስግኗል። የተናገርኩት እኔ ነኝ” አለችኝ።

“እነዚህ እኮ ወፍ ናቸው” አልኳት።

“ሆዳቸውን አጥፈው ባዶ ሰማይ ላይ የሚወጡ ናቸው። ዲዬጋን ራሱ ጽፎልኛል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሁሉንም አጋልጬ ልስጣቸው?”

አንተ መልስ ካለህ ላክልኝ። ፍርሃት ይዞኛል፤ ለደለሉም፣ ለእሷም።

ያንዴ

*

ፋክስ፣ ለንጋዲር ጤና ጣቢያ፣ ለያንዴ ንዶንግ ይሰጥልኝ
ኤፕሪል 26

እህቴ፤ ደብዳቤሽን ይዞ የመጣው ሰው ትናንት ደረሰ። አፈርኩ። ልጅ አይቆጠርም ብለሽ ገስጸሽኝም እንኳ ወፉ ትዝ አላለኝም። አንድ ቀን እናቴ የፍየል ግልገል ስቆጥር አግኝታ እጄን መትታኝ ነበር፤ ያንን እንኳ ረሳሁት።

ለዊበ ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም። “የጎደለውን ገምተን እንጨምር ብንል ውሸት ይሆናል፤ ያልተቆጠረ አይደመርም” አለ። የኤፕሪል ሠላሳው ሙላት የመጨረሻው ነው።

አክስት ኚላንን አታስገድዷት። ደለሉ ቢሄድም አታስገድዷት። እኔ የማስበው እንዲህ ነው።

ዲዬጋን

*

ንጋዲር
ሜይ 3

ለጌታዬ ለዲዬጋን፤

አላህ የምትረግጠውን መሬት ያለስልስልህ። ፋክስህን ለሴቶቹ አነበብኩ። ተጣላን። አንዷ፣ “እሷን ትተን እንቁጠር፤ ልጆቻችን ዛጎል እንጂ አጉል እምነት አይበሉም” አለች። ሌላዋ፣ “ያንቺን ልጅ ቆጥሬ ላሳይሽ?” ብላት ሊያያዙ ነበር። አክስት ኚላን በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

“አታስገድዷት ብሏል?” አለችኝ።

“ብሏል።”

“ደለሉ ቢሄድም?”

“ደለሉ ቢሄድም።”

ቁጭ አለች። “እንግዲያው እቆጥራለሁ” አለች። “ያስገደደኝ ቢኖር እምቢ እል ነበር። አንድም አልመልስም። ግን ማንም ዛጎሉን ለማንም አያስረክብ። እያንዳንድሽ የራስሽን ጻፊ። ጠቅላላውን የሚናገር አፍ ከዚህ ደሴት አይውጣ። ዲዬጋን ነው የጀመረው፤ ድምሩን እሱ ይናገር።”

እነሆ አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች። አንዳችንም የሌላዋን አላየንም፤ ለየብቻቸው የታጠፉትም ለዚህ ነው። የአክስት ኚላንን እኔ ጻፍኩላት፤ ጽፌም ረሳሁት።

ስለ ቀኑ ልንገርህ። አጠገቧ ነበርኩ። ቅሉን ስትሞላ አሥረኛዋን ዛጎል ይዛ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ባሕሩ ሄደ፤ አየር ላይ ቆመ፤ ተመለሰ። እንዲህ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግርህም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉብታው በሙሉ ጮኸና ተነሳ፤ አንዴ ዞሮን ወደ ሰሜን ተሰለፈ። እሷም መሀረቧን ከራሷ አውርዳ፣ “አጋለጥኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ” አለቻቸው። እኛ አንገታችንን ደፋን።

እንግዲህ እዳው ባንተ ላይ ነው። ላዝንልህ ነበር፤ ጌታ አይታዘንለትም።

ሎሌህ ያንዴ

*

ዌስተርሂም
ሜይ 18

ለእህቴ ለያንዴ፤

የአላህ ሰላም በእናንተ ላይ ይሁን። ወረቀቶቹ ትናንት በእጄ ገቡ። በምሳ ሰዓት ሳጥን ላይ ዘረጋኋቸውና እርሳስ አነሳሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ያህል እፈራለሁ ብዬ አላሰብኩም። እንደ ሆላንዶቹ ቆጥሬ መኖር ከጀመርኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ ያም ሆኖ እጄ እምቢ አለኝ። ዊበን፣ “አንተ ደምርልኝ፤ አንተን ምንም አይልህም” አልኩት። “የላኩት ለኔ አይደለም” ብሎ ሻዩን ይዞ ወጣ። ደመርኩት። ሁለት ጊዜ ደመርኩት።

ይበቃል። ከሚፈለገው ይበልጣል። ቁጥሩን ለኮሚቴው ጽፌያለሁ፤ ላንቺ አልጽፍም።

ይህንን ቀጥሎ ያለውን ለብቻሽ አንብቢው። በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት በስፔን ባሕር ላይ ማዕበል ነበር። እዚህ የደረሱት ከስተዋል፤ ዳርቻውም ላይ የሞቱ አግኝተናል። ዊበ በየዓመቱ የሚሆን ነው ይላል፤ በመጽሐፉም አለ። እኔ ግን እያነሳሁ አንድ በአንድ አሸዋ አለበስኳቸው፤ ፋብሪካም ዘግይቼ ደረስኩ። ለአክስት ኚላን ትነግሪያት እንደሆነ አንቺ እወቂ።

ዲዬጋን

*

ንጋዲር
ሴፕቴምበር 9

ለጌታዬ ለዲዬጋን፤

አላህ ያሰብከውን ያሳካልህ፤ የእኛን አሳክቷልና። አራት ወር ሙሉ ያልጻፍኩልህ የነገሩን መጨረሻ ሳላይ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

የደለሉን ወሬ ከፓርኩ ሰዎች ሰምተሃል። ወሰኑ አሁን ከእኛ ጉብታ አልፎ ነው። ኩባንያው ችካሎቹን ሳይነቅል ሄደ፤ እኛ ነቀልናቸውና በእነሱ እሳት አንድ ሙሉ ቀን ዛጎል ቀቀልን። ጥሩ እንጨት ነበር።

የማዕበሉን ነገር ለአክስት ኚላን አላነበብኩላትም። ግን ደብዳቤህን ሳጥፈው አይታኛለች። “ምን ዘለልሽ?” አለችኝ። “ሰላምታ ነው” አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ስንሰጣት ትቆነጥራለች እንጂ አትበላም። “ከአፌ የወጣው በላቸው” ትላለች። ሴቶቹ ደለሉ ተረፈ ብለው ሲጨፍሩ እሷ ከበሮውን አልሰማችውም። ጁላይና ኦገስት ባሕሩ በሞላ ቁጥር ዱላዋን ይዛ ዳርቻው ላይ ትቆማለች፤ ጥቂት ጥቂት ወፍ ይመጣል፤ ታያለች፤ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ለደለል ብዬ አንዲት አሮጊት ገደልኩ እያልኩ ራሴን እበላ ነበር። አንተንም ረግሜሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ትናንት ጠዋት ልጠራት ስሄድ ጉብታው አይታይም። ወፍ ለብሶታል። ገና ይወርዳሉ፤ አንዱ መንጋ ሳያርፍ ሌላው ይደርሳል፤ ጩኸታቸው ንግግር አያሰማም። አክስት ኚላን ውሃው ጉልበቷ ድረስ መጥቶ ቆማለች። ቀሚሷ እንደረጠበ አላወቀችም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ ግን አላስቻለኝም።

“አክስቴ፣ ስንት መጡ?” አልኳት።

“የሄዱት ሁሉ” አለችኝ።

እውነት ይሁን አይሁን የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ አልቆጠርንም። ይዣት ቤት ገባሁ። የማሽላ ኩስኩስ በዓሣ ነበር፤ ሳህኑን ጨርሳ ጨመረች።

ሎሌህ ያንዴ